የባላምባራስ ቤት በረንዳ፦ የጥገና ማስታወሻ

ጥቅምት 4፣ 2017

ክረምቱ በሰላም ወጣ። በረንዳው ግን በሰላም አልወጣም። በፀሐይ መግቢያ በኩል ያለው ጥግ ከስንዝር በላይ ወርዷል። እዚያ ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣ ሰው ሻዩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብልበታል። እስከ ዛሬ እየሳቅን አሳለፍነው። ትናንት ግን የእህቴ ልጅ መከታውን ሲደገፍ አንዱ ጣውላ ተገንጥሎ ግቢው ውስጥ ወደቀ። ልጁ ለጥቂት ተረፈ። ወርጄ ጣውላውን በእጄ ሳሸው እንደ በሶ ዱቄት ሆነ።

ቤቱን ለማያውቅ፦ ከአራዳ ጊዮርጊስ በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ ቁልቁለት ላይ ያለ ባለ ደርብ ቤት ነው። ምድር ቤቱ በጭቃ የተገነባ ጥቁር ድንጋይ ነው። ደርቡ የእንጨትና የጭቃ ሥራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ደረጃው በውጭ ነው የሚወጣው። ከፊት ለፊት በስምንት ምሰሶ የቆመ የእንጨት በረንዳ አለው። ከክፈፉ ሥር ደግሞ እንደ ዳንቴል የተበሳ ጣውላ ዙሪያውን ተንጠልጥሏል። በምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ ከህንድ የመጡ ግንበኞችና አናጢዎች አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሠርተዋል፤ ዳንቴሉን ያየ ሁሉ "የህንድ እጅ ነው" ይላል።

ሰፈሩ የባላምባራስ ቤት ይለዋል። ባላምባራስ የእናቴ አያት ናቸው። በሠርግም በለቅሶም የሚነገረው ታሪክ አንድ ነው። ባላምባራስ አድዋ ዘመቱ፣ ከአድዋ መልስ ቦታ ተሰጣቸው፣ ቤቱን አሠሩ፣ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው ባለጉዳይ ያነጋግሩ ነበር። እኔም ለልጆቼ እንዲሁ ነው የነገርኳቸው።

ጥቅምት 9

ፈቃድ ተገኘ። ቤቱ በቅርስነት ስለተመዘገበ እንዳሻን መነካካት አንችልም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለጥገና ማስፈቀድ ግድ ነው። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው። ግን አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ሌላው መልሶ ወደ መጀመሪያው እየላከ ከሐምሌ ጀምሮ አመላለሱኝ። ዛሬ ማህተም ተመታ። ከዚህ በላይ ስለዚህ ጉዳይ አልጽፍም፣ ደሜ ይፈላል።

ጥቅምት 12

ሙሉ ቀን ልኬት። ሜትሩን አንድ ጫፍ ልጄ ይዛ፣ ሌላውን እኔ።

የምድር ቤቱ ክፍሎች ልክ መጀመሪያ ምንም ትርጉም አልሰጠኝም። 2.88፣ 3.84፣ 5.76። ማን ነው ቤት በእንዲህ ያለ ቁጥር የሚሠራው? ማታ ወረቀቱ ላይ ሳፈጥ ገባኝ። ሁሉም ለ48 ሳንቲ ሜትር እኩል ይካፈላሉ። 6 ክንድ፣ 8 ክንድ፣ 12 ክንድ! ግንበኛው ሜትር አልያዘም፣ የለካው በክንዱ ነው። የራሴን ብለካ 46 ሆነ። ሰውየው ከኔ ረዘም ያለ ነበር ማለት ነው።

አሁን የሚገርመው። የበረንዳው ምሰሶዎች ከመሐል እስከ መሐል ድፍን 2 ሜትር ናቸው። ሰባቱንም ክፍተት ለካሁ፣ ከጣት ስፋት በላይ የሚለይ የለም። ከፍታቸው 2.50። ይህን የሠራ አናጢ በኪሱ ሜትር ነበረው።

አንድ ቤት፣ ሁለት መለኪያ። ማስታወሻዬ ላይ በቀይ አሰመርኩበት።

ጥቅምት 19

አናጢው መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው። ሰባ አልፏቸዋል፣ መሰላል ላይ ግን ከኔ ይቀድማሉ። መሮአቸውን አውጥተው ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ከሥራቸው ወጋ ወጋ አደረጉ። አምስቱ ላይ መሮው አልገባም። ሦስቱ ላይ እስከ እጀታው ገባ።

"አምስቱ ጥድ ናቸው" አሉ። "ሦስቱ ባሕር ዛፍ፣ በኋላ የተተኩ።"

ጥድ ምስጥ አይደፍረውም። ሲላግ ዛሬም ይሸታል፤ መቶ ዓመት የቆመ እንጨት እንደ እርሳስ ቅርፊት ሲሸት ያላሸተተ ሰው አያምንም። ባሕር ዛፍ ደግሞ ለዚህች ከተማ ባለውለታ ነው፣ አልክድም። በ1887 ግድም መጥቶ ባይተከል ኖሮ ከተማዋ በማገዶ እጦት ትፈታ ነበር። ምኒልክ እንጨት ሲያልቅ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ግን ባሕር ዛፍን እርጥብ መሬት ላይ አቁመህ ዕድሜ አትጠብቅ።

አዲስ ጥድ ቆርጦ ማምጣት አይሞከርም። ጋሼ የሚያውቁት ነጋዴ ጋ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጥድ አገኘን። በ2016 ፒያሳና ዙሪያው ሲፈርስ የወጣ ነው። ግማሹ ላይ የድሮ ቀለም አለ፣ ሰማያዊ። የአንዱ ቤት ሬሳ ለሌላው መድኃኒት ሆነ። ደስ አላለኝም፣ ግን ገዛሁት።

ጥቅምት 27

ሁለት የጭነት መኪና ክሪክ ተከራየን። ጥጉን በአንድ ቀን ብድግ ማድረግ የፈለግሁት እኔ ነኝ። ጋሼ "ልጄ፣ አሮጌ ሰው ከአልጋ እንዴት ነው የሚነሳው?" ብለው ዝም አሰኙኝ። በቀን ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ በላይ የለም። እንጨቱ ሲነሳ ይንጣጣል፤ ማታ ተኝቼ ሁሉ ይሰማኛል።

አራተኛው ቀን ላይ አልሰማ ብዬ ትንሽ ጨመርኩ። የደርቡ መስኮት መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። መስታወቱ አሮጌ ነበር፣ ሲያዩበት ውጭው ሞገድ የሚሠራ ዓይነት። ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 3

ለሦስቱ ምሰሶዎች የድንጋይ መቆሚያ ለመሥራት መሠረት ተቆፈረ። እንጨቱ ከእንግዲህ አፈር አይነካም። በድንጋዩ ላይ ይቆማል፣ ከበላዩ ከአሮጌው ደህና አካል ጋር በመገጣጠሚያ ይቀጠላል።

ከጉድጓዱ የወጣው ግን አፈር ብቻ አይደለም። ስብርባሪ ብርጭቆ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ብለን ወደ ጎን ጣልን። ከዚያ በአካፋ ሙሉ መጣ። ቀን ሠራተኛው አንዱን አንስቶ አፈሩን በሱሪው ጠረገና "ብርሌ ነው" አለ። አንገቱ ነበር፣ ጠባብ፣ ከሥሩ ሊነፋ የጀመረ። ቆጠርነው። ከሦስት ጉድጓድ ብቻ 41 አንገት። ሆድና ቂጡን አልቆጠርንም።

አንድ ባላምባራስ ስንት ብርሌ ይሰብራል?

ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ከማለዳ ጀምሮ ሰፈሩ በቆሻሻ ጭስ ታፍኗል፤ መሰላል ላይ ሆኜ ዓይኔ አለቀሰ። ሥራ አቁመን ቡና ጠጣን።

ባላምባራስን የገደላቸው ይህ ጭስ የሚታጠንለት በሽታ ነው። በ1911 ኅዳር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። መቃብር ቆፋሪ ጠፍቶ እንደነበር የሰፈር ሽማግሌ ሁሉ ከአባቱ ሰምቷል። በእኛ ቤት ባላምባራስና ሁለት ልጆቻቸው በአንድ ሳምንት ሄዱ። የተረፉት ሚስታቸውና ሕፃኗ ሴት ልጃቸው ናቸው። ያቺ ሕፃን የእኔ አያት ነች።

ሚስታቸውን እኛ የምናውቃቸው በፎቶ ነው፣ በቆብ። መንኩሰው ነው የሞቱት። በቤተሰቡ ወግ ውስጥ "እማሆይ" ከመባልና ከመጸለይ ሌላ ድርሻ የላቸውም።

ኅዳር 20

ይህን ቀን አልረሳውም።

በረንዳውን ከቤቱ ጋር የሚያያይዘው ወራጅ ግድግዳው ላይ በትልልቅ ምስማር የተመታ ነው። አንዱ ጫፍ ስለላላ ጋሼ ማውለቅ አለብን አሉ። በጉጠትና በብረት ዘንግ እየነቀነቅን ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲለቅ ከኋላው የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ግድግዳው ጎርበጥ ያለ ስለሆነ የዚያን ጊዜው አናጢ ክፍተቱን በወረቀት ሞልቶታል። ዛሬ እኛ ካርቶን እንደምንወትፈው ማለት ነው።

በማንኪያ ጀርባ ቀስ እያልኩ ገለጥኩት። ጋዜጣ ነው። ዳርና ዳሩ እንደ ሻይ ጠቁሯል፣ መሐሉ ግን ይነበባል። ከአናቱ "ብርሃንና ሰላም" ይላል።

ጋሼ ማንበብ ስለሚወዱ ተቀበሉኝና ማስታወቂያዎቹን ማንበብ ጀመሩ። እኔ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብያለሁ። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መውጣት የጀመረው በ1917 ነው። ባላምባራስ የሞቱት በ1911።

ማንም በኋላ ሊወትፈው ይችላል አልኩ ለራሴ። ተነስቼ ወረቀቱን እንደገና አየሁ። ምስማሩ በአራቱም እጥፋት መሐል በስቶ አልፏል፤ የዝገቱ ክብ አራቱም ላይ አንድ ነው። ወራጁ የተመታው ከጋዜጣው ጋር ነው። በረንዳው ከባላምባራስ ሞት ቢያንስ ስድስት ዓመት በኋላ የተሠራ ነው። ወንበር አውጥተው ባለጉዳይ ያነጋገሩበት በረንዳ የለም።

ሜትሩም ገባኝ አሁን።

ኅዳር 23

ግቢው ውስጥ ወዳለው አዳራሽ ሄድኩ። አዳራሽ ስል ድሮ ግብር ይበላበት የነበረውን ነው። ዛሬ በኮምፖልሳቶ ተከፋፍሎ አራት ቤተሰብ ይኖርበታል። ሐምሌ 19፣ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ ለቤተሰቡ መኖሪያ ተብሎ የተተወው ባለ ደርቡ ቤት ነው። የተከራየው አዳራሽ ትርፍ ቤት ሆነ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች ስለነበር ወደ ቀበሌ ሄደ። በሁለቱ ቤቶች መሐል የቆርቆሮ አጥር ተሠራ። ለብዙ ዓመት ሰላምታችንም በአጥሩ ላይ ነበር።

ከተከራዮቹ መሐል አንደኛዋ እማማ ከአዋጁ በፊት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ቡና አፈሉልኝ። ስለ ብርሌው ነገርኳቸው። ሳቁ።

"ጠጅ ቤቱ ነዋ!" አሉ።

"የቱ ጠጅ ቤት?"

"የናንተው። እኔ ስገባ ቀርቶ ነበር። ሰፈሩ ግን አሮጊቶቹ ሁሉ ጠጅ ቤቱ ነበር የሚሉት። የባላምባራስ ቤት ማለት የመጣ ኋላ ነው።" ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው "አክስትህ አልነገረችህም?" አሉ።

ስወጣ "የምድር ቤቱን ወለል እይ" አሉኝ። አየሁት። ዕድሜ ልኬን የረገጥኩት ወለል ነው። ምንጣፉን ሳነሳ በግድግዳው ጥግ ድንጋዩ ላይ ክብ ክብ ጎድጓዳ አለ፣ በተርታ ዘጠኝ። የጋን መቀመጫ ነው። ከሥሩ ደግሞ ውሃ የሚያወጣ ቦይ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ልጅ ሆነን ብይ የምንጫወተው በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

ኅዳር 29

እትዬ ጋ ሄድኩ። የእናቴ ታላቅ ናቸው፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። የብርሌውን አንገት በመሐረብ ጠቅልዬ ያዝኩ። ገና ሳወጣው ፊታቸው ተለወጠ።

"ማን ቆፍር አለህ?"

በረንዳው ነው አልኳቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ለልጅ ልጃቸው ቴሌቪዥኑን ዝጋ አሉት። ከዚያ ተናገሩ።

ባላምባራስ ሲሞቱ የወንድሞቻቸው ልጆች ቦታውን ሊከፋፈሉ መጡ። መበለቷ ሙግት ያዘች፤ ሙግት ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። ማር የሚልክላት ወንድም ነበራት። በምድር ቤቱ አምስት ጋን ጠጅ ጣለች። የባላምባራስ ሚስት ጠጅ ሸጠች ተብሎ ዘመድ ፊቱን አዞረ። ሙግቱን ረታች። ከዚያ ጋኑ ዘጠኝ ሆነ። ደህና ደህናው ደንበኛ ከምድር ቤቱ ሁካታ ተለይቶ ከተማውን ቁልቁል እያየ እንዲጠጣ ብላ በረንዳውን አሠራች። ዳንቴሉን አናጢው ሦስት ዓይነት ቆርጦ አሳይቷት የመረጠችው እሷ ናት።

እትዬ መናገር ከጀመሩ ወዲያ የሚያቆማቸው ጠፋ። ሚያዝያ 24፣ 1928 ንጉሡ በባቡር ሲወጡ ከተማው ተዘረፈ፣ ብዙ ቤት ተቃጠለ። ጣሊያን የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ዘራፊዎቹ እኛ ቤትም ገብተዋል። የደረጃው ሥር አንድ ወራጅ የከሰለ ነው፣ ሁሌ ምክንያቱን እጠይቅ ነበር። "እሳት ለኮሱ፣ ከዚያ ጋኖቹን አገኙ" አሉ እትዬ። "በጋን ያለ ጠጅ ትቶ ቤት የሚያቃጥል ሰው የለም። እነሱ ሲጠጡ እሷ እሳቱን በቅራሪ አጠፋችው።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?"

"መንኩሳ!" አሉ፣ እንደማይገባኝ ሁሉ። "እማሆይን ጠጅ ሻጭ ነበረች ብለን እንድናወራ?"

ታኅሣሥ 8

ወደ ጭቃው። በረንዳው ሥር ያለው ግድግዳ ከጉልበት በታች አብጧል። ጥፋቱ የራሳችን ነው። ከሃያ ዓመት በፊት "እናጠንክረው" ብለን በሲሚንቶ ለስነነው ነበር። በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ የጠጣውን እርጥበት በፀሐይ መልሶ ይተፋል። ሲሚንቶ አፉን ዘጋው። ሲሚንቶውን ስናነሳ ከኋላው ድንጋዩን የያዘው ጭቃ በጣት የሚናድ ሆኗል።

ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ከቦካ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። በየሁለት ቀኑ ውሃ ጠጥቶ ይረገጣል። ሽታው ለጎረቤት ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነው፤ ግን ካልሸተተ አልቦካም። ሲያዝ እንደ ሊጥ ይለጠጣል፣ ጣት ላይ አይሰነጠቅም። ዛሬ ምርጊቱ ተጀመረ። በእጅ ይወረወራል፣ በመዳፍ ይታሻል። እማማ በአጥሩ ላይ ሆነው አይተው አይተው አልቻሉም፣ ዞረው መጡና እጃቸውን ሰበሰቡ። ከኔ ግድግዳ የእሳቸው ቀጥ ያለ ነው።

ታኅሣሥ 19

ምሰሶዎቹ ቆሙ። ቱንቢ ጣልን፣ ውሃ ልክ አስቀመጥን፤ ጥጉ ወደ ቦታው ተመልሷል። አንዱ ምሰሶ ላይ ሰማያዊው ቀለም ትንሽ እንዲቀር ነገርኳቸው። ጋሼ ምክንያቱን አልጠየቁኝም።

ዳንቴሉን ስናወርድ አንዱን ጣልኩት። ለሦስት ተሰበረ። ጋሼ ዘንድሮ ሁለተኛ ጊዜ ዝም አሉኝ። በኮላ ተጣብቋል፣ ስንጥቁ ከሩቅ አይታይም። የጎደሉትን አራት ቁራጭ ከአሮጌው ላይ በእርሳስ አንስተው በእጅ መጋዝ ቆረጡ። አንዱን ለመቁረጥ አንድ ቀን ተኩል። አበባ ይመስለኝ የነበረው ቅርጽ ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ ሌላ ነገር ሆነ። ጠባብ አንገት፣ ክብ ሆድ። ዙሪያውን ሁሉ ብርሌ ነው። ተገልብጦ የተንጠለጠለ ብርሌ።

ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። "እኔማ መጀመሪያ ቀን ነው ያየሁት" አሉ። "የቤታችሁ ምልክት መስሎኝ።"

ጥር 2

የቀረው ቀለምና የመስኮቱ መስታወት ነው። ሞገድ ያለው መስታወት ፍለጋ መርካቶን ሁለት ጊዜ ዞርኩ፣ የለም። ለጊዜው የተሰነጠቀው ይቆያል።

ትናንት እትዬ መጡ። ደረጃውን በሁለት ሰው ድጋፍ ወጡ፣ መከታውን ነቀነቁ፣ ተቀመጡ። እማማንም አስጠራን። በግቢያችን ሃምሳ ዓመት ኖረው ደርቡ ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ያንን ስሰማ አፈርኩ።

በር ላይ ትንሽ ሰሌዳ እናድርግ ብለናል፤ የባላምባራስን ስም፣ አድዋን፣ ከዚያ የመበለቲቱንም ስም። ጠጅ ቤቱ ይጻፍ አይጻፍ ላይ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አጎቴ ስልክ ዘጋብኝ። እትዬን ጠየቅኋቸው።

"ጻፈው" አሉ። ከዚያ ሻያቸውን አስቀምጠው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "ግን የማር ጠጅ ብለህ ጻፍ። ስኳር አላስነካችም።"